ባዶ እግር ሯጩ ለጥናት «እሺ» ከማለቱ በፊት
በደብረ ማርቆስ ዙሪያ በባዶ እግሩ የሚሮጥ ወንድማችንን ተመራማሪዎች «ሩጫህን እንለካ» ቢሉት ምን ይጠይቅ?

መለካቱ ራሱ ብዙም አያስፈራም። በ2010 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ በባዶ እግር ሮጠው ያደጉ ኬንያውያን በአብዛኛው በፊተኛው የእግራቸው ክፍል እንደሚያርፉ፣ ጫማ የለመዱት ደግሞ ተረከዛቸውን እንደሚያስቀድሙ አሳይቷል።

የጎጃም ነገር ግን አፈሩ ነው። የደጋው ቀይ አፈር ለዓመታት ባዶ እግርን ሲነካ፣ ተጋላጭ የሆነውን ሰው በተለምዶ ዝሆኔ ለምንለው የእግር እብጠት ይዳርጋል። በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 የሚጠጉ ሕሙማን የተሳተፉበትና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ እግርን መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ አልጋ ላይ የሚጥለውን የእግር ትኩሳት ከአምስት አንድ እጅ ያህል እንደቀነሰ አረጋግጧል። ይሁንና በዕጣ በሌላው ምድብ የተመደቡት ሕክምናውን የጠበቁት አንድ ዓመት ነበር። ተሳታፊ ይህን የመሰለውን ነገር አስቀድሞ መስማት አለበት።

ስለዚህ «ጫማ ሳላደርግ ስንት ወር እሮጣለሁ? በየትኛው መሬት? ብጎዳ ማን ያሳክመኛል?» ብሎ ይጠይቅ። ሙከራው ረመዳን ላይ ከዋለ ከዒድ በኋላ እንዲዛወርለት፣ እህቶችም በሴት ባለሙያ እንዲለኩ መጠየቅ ነውር የለውም። የስምምነት ወረቀቱ በአማርኛ ይነበብለት፤ ከፈረመ በኋላም በፈለገ ጊዜ ማቋረጥ ይችላል።