ሕመሙ ሲለቅ የሚቀረው

ሐዋሳ ውስጥ አንድ እግሩን በጫማ፣ ሌላውን በነጠላ ጫማ አድርጎ እያነከሰ ወደ ተመላላሽ ክፍላችን የሚገባ ጎልማሳ ሳይ፣ ገና ሳይቀመጥ ዓይኔ አውራ ጣቱ ላይ ያርፋል። ቀልቷል፣ አብጧል፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል። «ዶክተር፣ ሌሊት የጋቢው ጫፍ ቢነካኝ ጮኽኩ» ይላል። ቀጥሎ የሚለውንም አውቀዋለሁ፦ «አሞራ ገደል ዓሣ በልቼ ነው።»

ዓሣው ከደሙ ንጹሕ ነው አልልም። ሪህ ግን የአንድ ምሽት ሥራ አይደለም። ዩሪክ አሲድ በአንድ ዴሲሊትር ደም ከ6.8 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ መሟሟት ያቅተዋል፤ ዓመታት ወስዶ በመገጣጠሚያ ውስጥ የመርፌ ቅርጽ ያላቸው ክሪስታሎች ሆኖ ይከማቻል። እግር ከሌላው አካል ስለሚቀዘቅዝ አውራ ጣት ቀዳሚ ተጠቂ ነው። ሥጋና በተለይ ቢራ ያባብሱታል። ለደም ግፊት የሚዋጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድም ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋል (በገዛ እጅ ግን አይቋረጥም፣ መተካቱ የሐኪም ሥራ ነው)። ሽሮና ምስር በከንቱ ይታማሉ። በጾም ወራት ሽሮ ተከልክሎ የሚበላው የጠፋበት ታካሚ ሲመጣ አዝናለሁ።

ሕመሙ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት በራሱም ይለቃል። ያኔ ሰውየው ድኛለሁ ብሎ ይጠፋል። ክሪስታሉ ግን የትም አልሄደም፤ ምንም ከማያመው መገጣጠሚያ እንኳ ፈሳሽ በመርፌ ተቀድቶ በፖላራይዝድ ማይክሮስኮፕ ሲታይ ይገኛል። በዚህ መሣሪያ የሪህን ክሪስታል ለይተው ያሳዩት አሜሪካውያኑ ማካርቲና ሆላንደር ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1961። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ክሪስታል ተገኘ፦ ካልሲየም ፓይሮፎስፌት፣ የአረጋውያንን ጉልበት ልክ እንደ ሪህ የሚያቃጥል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ የሚገናኙበትም ጊዜ አለ። የደም ምርመራ ወረቀት ብቻ አይቶ «ሪህ ነው» ማለት የማይጥመኝ ለዚህ ነው። በሕመሙ ሰሞን ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ ቁጥሩ ከፍ ያለበት ሁሉም ሪህ አይዘውም። ትኩሳትና ያበጠ ጉልበት አብረው ከመጡ ደግሞ ከሁሉ በፊት የምፈራው መግልን ነው።

ታካሚዎቼ ዩሪክ አሲድን የሚቀንሰውን አሎፑሪኖልን ሲያማቸው ይውጡታል፣ ሲሻላቸው ይተዉታል። የተገላቢጦሽ! ሕመሙን የሚያበርዱት እንደ ኮልቺሲንና ፕሬድኒሶሎን ያሉት ናቸው፤ አሎፑሪኖል የሚሠራው በደህናው ቀን ነው። ከ100 ሚሊግራም ወይም ከዚያ ባነሰ ተጀምሮ ዩሪክ አሲዱ ከ6 በታች እስኪወርድ ቀስ እየተባለ ይጨመራል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ክሪስታሉ ሲናድ ሕመሙ ሊያገረሽ ስለሚችል፣ ትንሽ ኮልቺሲን አብሬ አዛለሁ። ይህን ሳይነገረው የሄደ ሰው «መድኃኒቱ ባሰብኝ» ብሎ ቢጥለው አልፈርድበትም። ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ከወጣ ግን ያን ዕለት አቁሞ መምጣት አለበት።

አንዳንዱ ክርኑ ላይ ኖራ የመሰለ ነጭ ነገር የሚያፈስ እብጠት ይዞ መጥቶ «ይቆረጥልኝ» ይለኛል። አብዛኛውን ጊዜ ቢላዋ አያስፈልገውም። መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ከተወሰደ ያ እብጠት ራሱ እየሟሸሸ ይሄዳል፤ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል።