ፊደሉ ወዴት ጠፋ?

በየመሥሪያ ቤቱ ከኮምፒውተር ፊት የሚቀመጥ ሰው አንድ ጊዜ ሳያጋጥመው አይቀርም፤ የአማርኛ ርእስ ሊነበብበት የሚገባው መስኮት በጥያቄ ምልክት ተሞልቶ ይወጣል። ይህን የሚያይ ወጣትም ፈጥኖ «ፊደላችን ለኮምፒውተር አይመችም» ሲል ይፈርዳል። እኛ ግን ፍርዱ ያለ ጥፋቱ በፊደሉ ላይ ወርዷል እንላለን።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ተማሪ በጎንደር ከተማ በአራዳ ላለ ሱቅ የዱቤ መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ጎ በሚባለው ቋንቋ ይጽፋል እንበል። (ቋንቋው እ.ኤ.አ. በ2009 ከጉግል የወጣ ነው እንጂ ከጎንደር ጋር ዝምድና የለውም።) በጎ የተጻፈ ፕሮግራም አስቀድሞ ወደ ኮምፒውተሩ የገዛ ቋንቋ ተተርጕሞ ስለሚቀመጥ ፈጣን ነው። ይሁን እንጂ በገዛ ሥልጣኑ መስኮት አይከፍትም፤ የመስኮቱ ጌታ ዊንዶውስ ነውና። እንደ ጥንቱ ባለጉዳይ በእልፍኝ አስከልካይ በኩል መግባት አለበት። እልፍኝ አስከልካዩም ዩዘር 32 የሚባለው የዊንዶውስ ፋይል ሲሆን፣ በውስጡ መስኮት የሚፈጥረው ፋንክሽን ክሪኤት ዊንዶው ኤክስ ይባላል። እርሱም ርእሱን፣ ወርዱን፣ ቁመቱን፣ ሥፍራውንና ሌላውን ጨምሮ 12 ነገር ይጠይቃል።

ይህ ፋንክሽን ሁለት መልክ አለው፤ አንደኛው በስሙ መጨረሻ ኤ፣ ሁለተኛው ደብልዩ የሚል ፊደል አለበት። ኤው የቀድሞው ነው፤ የሚሠራውም በየቋንቋው በተሰናዳ የፊደል ሰንጠረዥ ነው። ለላቲን፣ ለግሪክ፣ ለዐረብኛ እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ በዊንዶውስ አለ፤ ለግዕዝ ፊደል ግን ከቶ አልተሠራለትም። ደብልዩው የሚሠራው በዩኒኮድ ነው። በዩኒኮድ ውስጥ ደግሞ ፊደላችን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ቦታውን ይዟል፤ አ 4768፣ ራ 4651፣ ዳ 4851 ቁጥር አላቸው።

እዚህ ላይ ተማሪው መጠንቀቅ አለበት። ጎ «አራዳ» የሚለውን ቃል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ በ9 ባይት ይይዘዋል። ደብልዩው የሚሻው ግን ዩቲኤፍ 16 ነው፤ ይኸውም ለሦስቱ ፊደላት 6 ባይት፣ ለማብቂያው ዜሮ 2 ባይት ነው። ዘጠኙን ባይት ሳይለውጥ ለኤው ቢሰጥ፣ በምዕራባውያን ሰንጠረዥ በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደል ዝብርቅ ይወጣለታል። ይህ ለዓይን ቢያስጠላም ባይቶቹ ስላልጠፉ ሊቃና ይችላል።

የከፋው ሌላው ነው። መስኮቱ ከመፈጠሩ በፊት ዓይነቱ መመዝገብ አለበት፤ ከተፈጠረም በኋላ ፕሮግራሙ ራሱ የማይመልሰውን መልእክት የሚቀበል ፋንክሽን አለ። እነዚህም ሁለት ሁለት መልክ አላቸው። ስለዚህ በሦስቱም ላይ ደብልዩ ማለት ያስፈልጋል። ለእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ምሳሌ ገልብጦ በአንዱ ኤ፣ በሌላው ደብልዩ ያለ ሰው ፊደሉን ማማት አይገባውም።

እርግጥ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በወጡት የዊንዶውስ 10 ዕትሞች፣ ፕሮግራሙ በዩቲኤፍ 8 እንደሚሠራ አስቀድሞ ካስታወቀ ኤውም አማርኛ ይቀበላል። ነገር ግን የባለሱቁ ኮምፒውተር አሮጌ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ደብልዩን እንመርጣለን።

መስኮቱ በኤ ተመዝግቦ እንደ ሆነ፣ ባለሱቁ የሚጽፈውን እያንዳንዱን ፊደል ዊንዶውስ በሰንጠረዡ ፈልጎ ሲያጣው በ63 ቁጥር ይተካዋል። 63 የጥያቄ ምልክት ነው። እንግዲህ አበበ 500 ብር፣ ከበደ 2,000 ብር ዱቤ ቢወስዱ፣ በመዝገቡ ላይ ሁለቱም ሦስት ሦስት የጥያቄ ምልክት ሆነው ይቀመጣሉ። የርእሱ ጉድለት ፕሮግራሙ ሲታረም ይቀራል፤ የተመዘገበውን 63 ግን ወደ አ ወይም ወደ ከ የሚመልስ ባለሙያ አይገኝም፤ ባለሱቁም 2,000ውን ብር ከማን እንደሚጠይቅ አያውቅም።