በስልክ መስታወት ላይ የተገነባ ቤት

በቀየትና በዙሪያዋ ባለው የመንዝ ደጋ ቤት በድንጋይ ይገነባል። ብርዱ ጽኑ ነው፤ ለቤት የሚሆን እንጨት ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ገበሬው ድንጋዩን ከማሳው ለቅሞ፣ በጭቃ አያይዞ ወፍራም ግድግዳ ያቆማል። ክዳኑ ለብዙ ዘመን የጓሳ ሣር ነበር፤ ዛሬ በብዙ ቦታ ቆርቆሮ ተክቶታል። እንዲህ ባለ አገር ግንበኛን የሚያስተዋውቀው የሠራው ግድግዳ ነው። ቤት ሊያሠራ ያሰበ ሰው ግንበኛው በሠራቸው ቤቶች ዙሪያ ይዞራል፤ ማዕዘኑን በዐይኑ ይለካል፤ ድንጋዩን በእጁ ይዳስሳል፤ ባለቤቱንም «ክረምቱን እንዴት አለፋችሁ?» ብሎ ይጠይቃል።

የዚያ ገበሬ ልጅ ዛሬ ኑሮው በአዲስ አበባ ወይም በዋሽንግተን ሊሆን ይችላል። ሌሊት ከሥራ ተመልሶ ስልኩን ሲከፍት፣ ሳይፈልገው የመጣ የሚያምር ቪላ ይታየዋል። ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ መስታወት፣ የመዋኛ ገንዳ፣ በምሽት ብርሃን የወርቅ መልክ የያዘ ግቢ። ከሥሩ የስልክ ቁጥርና «ቅድሚያ ክፍያ» የሚል ጽሑፍ አለ። ቤቱ ገና አልተሠራም። መሠረቱም አልተቆፈረ ይሆናል። ሆኖም ፎቶግራፉ አለ። የብዙ ዓመት ቁጠባ የሚከፈለው ይህንኑ ምስል በማየት ነው።

ለመሆኑ ያልተሠራ ቤት ፎቶግራፍ እንዴት ሊኖረው ቻለ? ከሚሊዮኖች ስልኮች መካከልስ የዚህን ሰው ስልክ እንዴት መርጦ ደረሰ? በዚህ ጽሑፍ ከጀርባው ያለውን የፊዚክስ፣ የሒሳብና የኢኮኖሚክስ ዕውቀት በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ብርሃንን ወደ ኋላ መከተል

ያየነው ምስል በካሜራ የተነሣ ሳይሆን በስሌት የተገኘ ነው። ባለሙያዎች ሬንደር ይሉታል። አርክቴክቱ የሕንፃውን ቅርጽ በኮምፒውተር ውስጥ በነጥቦችና በመስመሮች ያስቀምጣል፤ ለእያንዳንዱ ገጽ የእብነ በረድ፣ የእንጨት ወይም የመስታወት ጠባይ ይሰጠዋል፤ ከዚያም ፀሐይንና ካሜራን ያቆማል። የቀረው የብርሃን ሕግ ሥራ ነው።

በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በግብፅ ይኖር የነበረው ሊቅ ኢብን አል ሀይሰም፣ የምናየው ብርሃን ከነገሮች ተነሥቶ ወደ ዐይናችን ሲገባ እንደሆነ አስረድቷል። ኮምፒውተሩ ይህንኑ መንገድ በተቃራኒው ይሄድበታል። ከፀሐይ የሚወጣውን ጨረር ሁሉ ቢከተል አብዛኛው ካሜራው ውስጥ ስለማይገባ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ከካሜራው ተነሥቶ በእያንዳንዱ ፒክስል በኩል ጨረር ይልካል፤ ጨረሩ የሚያርፍበትን ገጽ ይፈልጋል፤ ከዚያም ወዴት እንደሚነጥር እያሰላ ወደ ብርሃኑ ምንጭ ይጓዛል። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1980 ተርነር ዊትድ ለነጸብራቅና ለጥላ አዋለው። በ1986 ደግሞ ጀምስ ካጂያ ሐሳቡን በአንድ እኩልታ ጠቀለለው። ትርጉሙም ከአንድ ነጥብ የሚወጣው ብርሃን፣ ነጥቡ ራሱ ከሚያመነጨውና ከየአቅጣጫው ተቀብሎ ከሚመልሰው ድምር ጋር እኩል ነው የሚል ነው።

እኩልታው አጭር ቢሆንም መፍትሔው አድካሚ ነው። በአንድ መስመር 1,920፣ ወደ ታች 1,080 ፒክስል ያለው ምስል ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት። ለእያንዳንዱ ነጥብ 1,000 ጨረሮች በዕጣ ቢላኩ ከሁለት ቢሊዮን በላይ ጉዞዎች ይሰላሉ። የምስሉን ሽክርክሪትና ነጠብጣብ በግማሽ ለመቀነስም የጨረሮቹን ቁጥር በአራት እጥፍ ማሳደግ ያስፈልጋል። ቀድሞ ለትላልቅ ፊልም ሠሪዎች ብቻ የሚቻለው ይህ ሥራ ዛሬ በተማሪ ኮምፒውተር፣ እንደ ብሌንደር ባለ በነፃ በሚገኝ ፕሮግራም ይሠራል።

ሰፊ የሚመስለው ክፍል

ስሌቱ የተፈጥሮን ሕግ ቢከተልም ካሜራው የት እንደሚቆም የሚወስነው ሰው ነው። 50 ሚሊ ሜትር የሚባለው ሌንስ በተለመደው የፊልም መጠን ወደ ጎን 40 ዲግሪ ገደማ ያያል። 18 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን ትክክል 90 ዲግሪ ያያል። አራት ሜትር ስፋት ያለውን ግድግዳ ሙሉ ለሙሉ ለማየት በመጀመሪያው ሌንስ አምስት ሜትር ተኩል መራቅ ያስፈልጋል፤ በሁለተኛው ሁለት ሜትር ይበቃል። በሰፊው ሌንስ የቅርቡ ነገር ገዝፎ የሩቁ አንሶ ስለሚታይ ጠባቡ ክፍል ረዥም አዳራሽ ይመስላል። የኮምፒውተሩ ካሜራ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነፃነት አለው፤ ከግድግዳው ውጭ ቆሞ ግድግዳው እንደሌለ ሆኖ ሊያይ ይችላል።

ተመልካቹ መከላከያ አለው። በምስሉ ውስጥ መጠኑን የሚያውቀውን ነገር ይፈልግ። በር ከፍታው ሁለት ሜትር ከጥቂት ነው፤ የሁለት ሰው አልጋ ርዝመትም ወደ ሁለት ሜትር ነው። አልጋው በክፍሉ ርዝመት ስንት ጊዜ ይገባል? ውጤቱ በፕላኑ ላይ ከተጻፈው ልኬት ጋር ካልተስማማ፣ ወይም አልጋው በምስሉ ውስጥ የሕፃን አልጋ እንዲሆን ተደርጓል፣ ወይም ክፍሉ ያለ ልኩ ተለጥጧል።

ጥላው ይመሰክራል

ሁለተኛው ምስክር ጥላ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ፣ የመንዝ ደጋ ደግሞ 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛሉ። ፀሐይ ከሁሉ ይልቅ ወደ ደቡብ በምታዘነብልበት በታኅሣሥ ወር እንኳ፣ በቀን 6 ሰዓት ከአድማስ በላይ ያላት ከፍታ ከ56 ዲግሪ አይወርድም። ስለዚህ የአሥር ሜትር ሕንፃ የቀትር ጥላ ሰባት ሜትር እንኳ አይሞላም። በስቶክሆልም በዚያው ወርና ሰዓት የዚያው ሕንፃ ጥላ ወደ 80 ሜትር ይጠጋል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ደግሞ የቀትር ፀሐያችን ከአናታችን አልፋ በሰሜን በኩል ትቆማለች።

በሰሜን አውሮፓ ሰማይ ልክ በተዘጋጀ ፀሐይ የተሠራ ምስል ሳሎኑን የቀኑን ሙሉ በለስላሳ ዝቅተኛ ብርሃን ያስጌጠዋል። እዚያ ውስጥ የሚኖረው ሰው ግን ያንን ብርሃን የሚያገኘው ጧትና ማታ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ለቦታው የተሠራ ምስል ለቦታው ፀሐይ ይታዘዛል። ገዢው «የምስሉ ቀንና ሰዓት ስንት ነው? ሰሜኑስ በየት በኩል ነው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ሥራውን በሚገባ የሠራ አርክቴክት መልሱን ከኮምፒውተሩ ወዲያው ያገኘዋል።

በሰከንድ ክፍልፋይ የሚካሄድ ጨረታ

ምስሉ አለቀ እንበል። የቅንጦት ቤት ገዢ በአገሩ ሕዝብ መካከል ጥቂት ነው፤ ማስታወቂያውን ለሁሉም መበተን ገንዘብ ማባከን ይሆናል። ስለዚህ ሻጩ የሚፈልገውን ሰው ዕድሜ፣ የሚኖርበትን ከተማና የሚያዘወትረውን ነገር ለማስታወቂያ አስተናጋጁ ድርጅት ይገልጻል። ሰውዬው ስለ ቤት ብድር ፈልጎ ከሆነ፣ የሕንፃ ቪዲዮ እስከ መጨረሻው አይቶ ከሆነ፣ በውጭ አገር ሆኖ የአማርኛ ገጾችን የሚከታተል ከሆነ፣ እነዚህ ሁሉ ምልክቶች ተሰብስበው ግምት ይሰጥባቸዋል።

ስልኩ ሲከፈት በባዶው ቦታ ላይ ጨረታ ይካሄዳል። መነሻው ኢኮኖሚስቱ ዊልያም ቪክሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ያቀረበው ሐሳብ ነው፤ አሸናፊው የሚከፍለው እርሱ የጠራውን ሳይሆን ሁለተኛው ተጫራች የጠራውን ዋጋ ነው። በማስታወቂያ ላይ ሲውል አንድ ተጨማሪ ነገር ይገባበታል፤ እርሱም ተመልካቹ ማስታወቂያውን የመጫን ዕድሉ ነው።

ለምሳሌ ሦስት ቤት ሻጮችን እናስብ። አንደኛው ለአንድ ጊዜ መጫን 40 ብር ይሰጣል፤ ምስሉን ግን ከመቶ ተመልካች አንድ ሰው ብቻ ይጫነዋል። ሁለተኛው 25 ብር ይሰጣል፤ ከመቶ ሁለት ሰው ይጫንለታል። ሦስተኛው 10 ብር ሰጥቶ ከመቶ ሦስት ያገኛል። በ1,000 ተመልካች ሲሰላ የመጀመሪያው 400፣ ሁለተኛው 500፣ ሦስተኛው 300 ብር ያስገኛል። አሸናፊው ሁለተኛው ነው። የሚከፍለውም 25 ብር ሳይሆን የመጀመሪያውን ለመብለጥ የሚበቃውን 20 ብር ያህል ነው።

ከዚህ ስሌት የሚገኘውን ትምህርት ልብ እንበል። ዐይን የሚስብ ምስል ያለው ሻጭ ብዙ ገንዘብ ካለው ይበልጣል፤ ዋጋውም ይቀንስለታል። ይህ ለወጣት አርክቴክት መልካም ዜና ነው። ነገር ግን ጨረታው የሚለካው መጫንን እንጂ እውነትን አይደለም። ምስሉን ያጋነነ ሰው በብዙ ይጫንለታል፤ በብዙ ከተጫነለት በርካሽ ያስተዋውቃል። በአገራችን የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ የጨረታው ስሌት ግን በራሱ ይህን ክልከላ አያውቅም።

መልካሙ ገንቢ የሚጎዳበት ገበያ

እ.ኤ.አ. በ1970 ጆርጅ አከርሎፍ ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ ጥናት አወጣ። ሻጩ የመኪናውን ጉድለት ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው መልካሙንና መጥፎውን መለየት ስለማይችል ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። በዚህ ዋጋ መልካም መኪና ያለው ሰው አይሸጥም፤ ገበያው ለመጥፎዎቹ ይቀራል። አከርሎፍ በ2001 የኖቤል ሽልማትን ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆነ።

በስልክ ላይ ያለው የቤት ገበያ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ጠንቃቃው ገንቢና ግዴለሹ አንድ ዓይነት ፕሮግራም፣ አንድ ዓይነት ዛፍ፣ አንድ ዓይነት የምሽት ሰማይ ይጠቀማሉ። በአዲስ አበባ ቅድሚያ ከፍለው ለዓመታት ቤታቸውን ሲጠብቁ የኖሩ ብዙ ሰዎች የዚህን ዋጋ ያውቁታል። የእነርሱ ጉዳት በእነርሱ ብቻ አይቆምም። የተጠራጠረ ገዢ ለታማኙም ገንቢ ፊቱን ያዞርበታል።

ማይክል ስፔንስ በ1973 እንዳሳየው መፍትሔው ለታማኝ ሰው ቀላል፣ ለአታላይ ግን ውድ የሆነ ምልክት መስጠት ነው። አንድ ምሳሌ እንይ። ኮንክሪት ሲሞላ ጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኩብ ናሙና ይወሰድና በ28ኛው ቀን በመጫኛ መሣሪያ ይሰበራል። ጥንካሬው 25 ሜጋ ፓስካል እንዲሆን የታሰበ ኩብ 57 ቶን ገደማ መሸከም ይኖርበታል። ይህን የላቦራቶሪ ውጤት ከነቀኑ በማስታወቂያው ላይ የሚያወጣ፣ ከአንድ ቋሚ ቦታ በየወሩ የተነሣ የግንባታ ፎቶግራፍ የሚያሳይ ገንቢ ከሺህ የሚያብረቀርቅ ሬንደር የሚበልጥ ነገር ተናገረ። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ውበቱ ያነሰ ይሆናል፤ ለሐሰተኛው ግን ለመኮረጅ ከባድ ነው።

ምስል የማያሳየው

ወደ ቀየት እንመለስ። በደጋው ቀን ፀሐይ ታቃጥላለች፤ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። በተለመደ የድንጋይ ጠባይ ቢሰላ፣ የቀንና የሌሊቱ የሙቀት ልዩነት በየ17 ሳንቲ ሜትሩ ወደ ሲሶ ገደማ ይወርዳል። 60 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ግድግዳ ውስጥ ልዩነቱ ከመቶ ሦስት እጅ ገደማ ብቻ ይቀራል፤ የቀትሩም ሙቀት ወደ ውስጥ የሚደርሰው ከ12 ሰዓት በላይ ዘግይቶ፣ ብርዱ በጸናበት ሌሊት ነው። ባለ አንድ ንብርብር መስታወት ግን በእኩል ስፋት ከዚያ ግድግዳ ወደ ሦስት እጥፍ ሙቀት ያሳልፋል። በምስሉ ላይ የሚያምረው መስታወት ነው፤ ሌሊቱን የሚያሞቀው ደግሞ ድንጋዩ ነው። አርክቴክቶች ለምስሉ ብለው መስታወቱን ከመረጡ፣ ማስታወቂያው መሸጡን አልፎ የምንኖርበትን ቤት ቅርጽ መወሰን ጀመረ ማለት ነው።

ድንጋዩንም ያለ ልክ አናሞግስ። እ.ኤ.አ. በ1961 (በ1953 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ) ከመንዝ ደጋ ሥር በካራ ቆሬ አካባቢ ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች። የአዲስ አበባ ጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን የመሠረቱት ፒየር ጉዌን ታሪኩን በ1979 ባሳተሙት መጽሐፍ መዝግበውታል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ በአዲስ አበባ ፎቆች ላይ የሚኖሩትን በሌሊት ቀስቅሷል። በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ጎንዮሽ ንቅናቄን አይችልም፤ ሕንፃን የሚያድነው በኮንክሪቱ ውስጥ የተቀበረው ብረትና አስተሳሰሩ ነው። ይህ ደግሞ በየትኛውም ሬንደር ላይ አይታይም፤ ቤቱ ካለቀ በኋላም አይታይም። የሚታየው ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ባለችው አጭር ጊዜ ብቻ ነው። ፎቶግራፍ የሚያስፈልገውም ያኔ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ከእናንተ መካከል ነገ አርክቴክት፣ መሐንዲስ ወይም የፕሮግራም ባለሙያ የሚሆኑ አሉ። ሬንደር መሥራትን ተማሩ፤ ጨረታውንም ዕወቁ። እነዚህ መሣሪያዎች ስም የሌለው ወጣት ባለሙያ ሥራውን ከአገር አገር እንዲያሳይ ዕድል የሰጡ ናቸው። ነገር ግን የሚከፍለው ሰው ግድግዳውን መዳሰስ በማይችልበት ቦታ እንዳለ አስቡ። የመንዙ ግንበኛ ደንበኛው በእጁ ዳስሶ እንዲያረጋግጥ ቤቱን ክፍት ያደርግለት ነበር። ሩቅ ላለው ገዢ ልኬቱን፣ የሰሜኑን አቅጣጫ፣ የኩቡን ውጤትና የብረቱን ፎቶግራፍ ከምስሉ ጋር አብሮ የሚልክ ባለሙያ ያንኑ ያደርጋል። እነዚህን የማይጠይቅ ገዢም ቢሆን ገንዘቡን የሚከፍለው ለቤት ሳይሆን ለብርሃን ስሌት መሆኑን ይወቅ።