ስልኩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፦ ለካርቲየ 2 ቤት ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ስለመምረጥ

በጅቡቲ ከተማ፣ በካርቲየ 2 ሰፈር ምሳ ሲነሣ አድካሚው ሥራ ይጀመራል። ትልቁ ትሪ፣ ወጥ የተሠራበት ድስት፣ የልጆች ሳህን፣ የሻይ ብርጭቆና የቡና ስኒ ሳፋው ዙሪያ ይከመራሉ። ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሊወጣ ይችላል፤ በዚያ ወበቅ ጎንበስ ብሎ ድስት መፈግፈግ ወገብ ይቆርጣል፣ እጅ ይልጣል። ይህ ድካም በብዙ ቤት የሚወድቀው በእናት፣ በታላቅ እኅት ወይም ከኢትዮጵያ መጥታ በሰው ቤት በምትሠራ ሴት ላይ ነው። ስለዚህ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ለመግዛት የሚያስብ ቤተሰብ ቅንጦት ፈልጎ ነው ልንለው አይገባም።

ችግሩ ምርጫው ላይ ነው። ዛሬ ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳየው ስልኩን ነው፤ ማሽኑ ከዋይፋይ ጋር ይገናኛል፣ ከሥራ ቦታ ሆነው ያስነሡታል፣ ሲጨርስ መልእክት ይልካል ይላል። ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እዚህ ከተማ ውስጥ ማሽን ዕድሜ የሚኖረው ከውሃው፣ ከመብራቱና ከቤቱ ዕቃ ጋር ሲስማማ ነው። ስልኩ ከእነዚህ ሦስቱ በኋላ ይምጣ።

ማሽኑ ምንድን ነው?

ዕቃ ማጠቢያ ማሽንን ለገበያ ያበቃችው በአሜሪካ ኢሊኖይ፣ ሼልቢቪል ትኖር የነበረችው ጆሴፊን ኮክራን ናት። የፈጠራ መብቷን ያገኘችው በዲሴምበር 28 ቀን 1886 ሲሆን፣ በ1893 በቺካጎው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ማሽኖቿ ለሕዝብ ታዩ። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞቿ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ነበሩ። መኖሪያ ቤቶች ማሽኑን ለረጅም ዘመን ሳይቀበሉት የቆዩበት አንዱ ምክንያት ውሃ ነው፤ በዚያን ጊዜ ለማሽኑ የሚበቃ ሙቅ ውሃ ያለው ቤት ጥቂት ነበር። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ብዙ ተሻሽሏል፣ ማሞቂያውንም ይዞ ይመጣል፤ በውሃ ላይ ያለው ጥገኝነት ግን እንዳለ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ማሽኑ ሦስት አራት ሊትር ውሃ ከሥሩ ይቀበላል፣ ያሞቀዋል፣ ከዚያ ፓምፑ በሚሽከረከሩት ክንዶች ቀዳዳ በኩል ወደ ዕቃው ይረጨዋል። የወረደው ውሃ በማጣሪያ አልፎ ተመልሶ ይረጫል። ሲቆሽሽ ይወጣና ሌላ ንጹሕ ውሃ ይገባል። ለ12 ወይም ለ14 ሰው የሚሆን ዕቃ የሚይዝ ዘመናዊ ማሽን በቁጠባ ፕሮግራሙ ለአንድ ዙር የሚፈጀው ውሃ ከ9 እስከ 12 ሊትር ያህል ነው።

በጀርመን የቦን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከተለያዩ የአውሮፓ አገሮች የመጡ ሰዎችን ዕቃ አሳጥበው ሲለኩ፣ ለ12 ሰው የሚሆን ዕቃ በእጅ ለማጠብ በአማካይ 100 ሊትር ያህል ውሃ እንደሚፈስ አግኝተዋል። ይህን ቁጥር እንዳለ ወደ እኛ ቤት ማምጣት ግን ልክ አይደለም። በጀሪካን ውሃ የቀዳ ሰው ቧንቧ ከፍቶ አይተውም፤ በአንድ ሳፋ አጥቦ በሌላው የሚያለቀልቅ ቤተሰብ የሚያጠፋው ውሃ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ማሽኑ ያለ ጥርጥር የሚያተርፍልን የሰው ጉልበትና ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ውሃው

የጅቡቲ ከተማ ለብዙ ዘመን የኖረችው በዙሪያዋ ካለው የእሳተ ገሞራ ዐለት በሚቀዳ የጉድጓድ ውሃ ነው። ብዙ ሲቀዳ የባሕሩ ጨው እየሰረገ ገባ። በ2017 ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል፣ ከሐዲጋላ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋው የውሃ መስመር ተመረቀ። በ2021 ደግሞ ዶራሌ ላይ የባሕር ውሃ የሚያጣራ፣ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ የሚያመርት ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ስለዚህ ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ከየት እንደመጣ ቤት ሆኖ ማወቅ ያስቸግራል። ጎረቤት ማሽኑን ያስተካከለበት ቁጥር ለእርስዎ ቤት ይሠራል ብለው አይነሡ፤ የራስዎን ውሃ ይፈትሹ።

ፍተሻው ቀላል ነው። ከብዙ ማሽኖች ጋር አብሮ የሚመጣ ትንሽ የወረቀት መፈተሻ አለ፤ ውሃ ውስጥ ነክረው የተለወጠውን ቀለም ከመመሪያው ጋር ያስተያዩታል። ውሃው ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ከሆነ ማሞቂያውና ብርጭቆው ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ይህን ለመከላከል ማሽኑ ሥር ውሃ ማለስለሻ ክፍል አለ፤ ውስጡ ያሉት ጥቃቅን የሙጫ እንክብሎች ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ይይዛሉ፣ ሲሞሉም በጨው ውሃ ታጥበው እንደገና ለሥራ ይዘጋጃሉ። ውሃ ማለስለሻ የሌለው ርካሽ ማሽን ለዚህ ከተማ አይመከርም።

ጨዉ የትኛውም ጨው አይደለም። የወጥ ጨው ደቃቅ ነው፤ አዮዲንና እንዳይጋገር የሚጨመርበት ነገርም አለው። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ገደማ ላይ ከሚገኘው ከአሳል ሐይቅ የመጣ ጨው በከተማው በቀላሉ ይገኛል፤ ነገር ግን የባሕር ውሃ ተንኖ የቀረ ጨው ስለሆነ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይገኝበታል፣ ማሽኑ ደግሞ የሚታገለው ከእነዚሁ ጋር ነው። ለማሽን ተብሎ የተዘጋጀውን ንጹሕ ድፍን ጨው ይግዙ።

አንድ ነገር ግን ውሃ ማለስለሻውም አይፈታውም። ውሃው ራሱ ጨዋማ ከሆነ ጨዋማነቱ እንዳለ ይቀራል። ታጥቦ በወጣ ብርጭቆ ላይ ነጭ ነገር ካዩ ጣትዎን በንጹሕ ውሃ አርጥበው ይጥረጉት። ወዲያው ከለቀቀ ጨው ነው፤ ካልለቀቀና ኮምጣጤ ከፈለገ ኖራ ነው። ኖራ ከሆነ የማለስለሻውን መጠን ከፍ ያድርጉ። ጨው ከሆነ መጠኑን ከፍ ማድረግ አይረዳም፤ በሩን ቶሎ ከፍተው ዕቃውን ያድርቁ፣ ቢላዋና ማንኪያ እርጥብ ሆነው እንዲያድሩ አይፍቀዱ፤ ጨው አይዝጌውን ብረት ሳይቀር በነጠብጣብ ይበሳዋል።

የውሃው ግፊትም መታየት አለበት። ብዙ ማሽኖች ቢያንስ 0.3 ወይም 0.5 ባር ግፊት ይጠይቃሉ። ውሃው ከጣሪያ ላይ ሮቶ የሚወርድ ከሆነ ስሌቱ እንዲህ ነው፦ 10 ሜትር ከፍታ አንድ ባር ያህል ይሰጣል። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ጣሪያ ላይ፣ ከማሽኑ 3 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው 0.3 ባር ብቻ ነው። 0.5 ባር የሚፈልግ ማሽን ውሃ አልደረሰኝም ብሎ ይቆማል። ቤተሰቡ ማሽኑ ተበላሸ ሲል የጎደለው ትንሽ የግፊት ፓምፕ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ መብራቱ

የጅቡቲ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ሶኬቱም የፈረንሳይ ዓይነት ነው። ከፈረንሳይ የመጣ ማሽን እንዳለ ይሰካል። ከዱባይ የመጣው በመብራቱ ይስማማል፤ ስፒናው ግን ባለ ሦስት ጥርስ የእንግሊዝ ዓይነት ስለሆነ በባለሙያ መቀየር አለበት። የሳውዲ መብራት 60 ኸርዝ ስለሆነ ለዚያ አገር ብቻ የተሠራ ማሽን ከሆነ ከኋላው የተለጠፈውን ሳያነቡ አይግዙ። የአሜሪካው በ120 ቮልት የሚሠራ ነው፤ እርሱን ይተዉት።

ማሞቂያው ሲሠራ ወደ 2,000 ዋት ይስባል። አየር ማቀዝቀዣ፣ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ከተሰኩበት ማከፋፈያ ላይ ይህን መጨመር አደጋ ነው። የራሱ ሶኬትና የራሱ ብሬከር ይኑረው። ውሃና መብራት በአንድ ሳጥን ውስጥ ስለሚገናኙ የግራውንድ ሽቦ ግዴታ ነው፤ በድሮዎቹ የሳንቃና የቆርቆሮ ቤቶች ይህ ሽቦ መኖሩን ኤሌክትሪሺያን ሳያረጋግጥ ማሽን አይሰካ። መብራቱ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነም ስታቢላይዘር ይጨመር፤ ከማሽኑ ሁሉ ቀድሞ የሚቃጠለው አእምሮው፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው ነው። ስማርት በተባለ ቁጥር ይህ ሰሌዳ ውድ ይሆናል።

ከአውሮፓ የመጡ ማሽኖች ከኤ እስከ ጂ ደረጃ የሚሰጥ ምልክት ለጥፈው ይመጣሉ። ከማርች 2021 ጀምሮ ይህ ምልክት ለ100 ዙር የሚፈጀውን ኪሎ ዋት ሰዓትና ለአንድ ዙር የሚፈጀውን ሊትር ያሳያል። በትልልቆቹ ማሽኖች መካከል ያለው ልዩነት ለ100 ዙር ከ55 ገደማ እስከ 95 ገደማ ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ልዩነቱን በመብራት ሒሳብ ደረሰኝዎ ላይ ባለው ዋጋ ያባዙትና ውዱ ማሽን በስንት ዓመት ዋጋውን እንደሚመልስ ይመልከቱ። ቁጠባ ፕሮግራሙ ሦስት አራት ሰዓት እንደሚፈጅም ይወቁ። በዚያ መሀል መብራት ሊሄድ ይችላል፤ ስለዚህ ሲመለስ ካቆመበት የሚቀጥል መሆኑን ይጠይቁ።

የቤታችን ዕቃ

ማሽኑ የተሠራው ለጠፍጣፋ ሳህን፣ ለብርጭቆና ለሹካ ነው። የእኛ ማዕድ ሌላ ነው። እንጀራ የሚቀርብበት ትልቅ ትሪ በአብዛኛው ታችኛው ቅርጫት ውስጥ አይገባም። ገበያ ሲሄዱ የቤትዎን ትሪና ትልቁን ድስት በሜትር ለክተው ቁጥሩን ይያዙ፤ ላይኛው ቅርጫት ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ለድስቱ ቦታ ይገኛል። ጀበናና የሸክላ ምጣድ ፈጽሞ አይገቡም፤ ሸክላ ሳሙናውን ይጠጣል። ከእንጨት የተሠራ ማንኪያና ሳህንም ይሰነጠቃል። የአሉሚኒየም ድስት በማሽኑ ሳሙና ይጠቁራል።

ስኒ ለብቻው ይታይ። ጠርዙ ላይ የወርቅ ቀለም የተቀባ የቡና ስኒ በማሽን ደጋግሞ ሲታጠብ ወርቁ መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ከዚያ በየቦታው ይላጣል። ለእንግዳ የሚወጣውን ስኒ በእጅ ማጠብ ይሻላል። ሽሮ የያዘበት ድስት ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል። የማሽኑ ሳሙና ውስጥ ስታርችና ፕሮቲን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ስላሉ የደረቀ ሽሮ ቀስ ብሎ ይለቃል፤ እስከ ታች ያረረውን ግን ማሽን አያነሣውም። ለቅቤና ለዶሮ ወጥ ቅባት 65 ወይም 70 ዲግሪ የሚደርሰው ጠንካራ ፕሮግራም ይመረጣል። በእጅ የምናጥብበት ፈሳሽ ሳሙና ወደ ማሽኑ አይግባ፤ አረፋው በበሩ በኩል ሊወጣ ይችላል፣ የፓምፑንም ጉልበት ይቀንሳል። ማጣሪያው በየሳምንቱ ወጥቶ ይታጠብ፤ የጤፍና የሽሮ ድቃቂ እዚያ ይሰበሰባል።

ቤቱ ጠባብ ከሆነ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ትልቅ ማሽን ማሳደድ አያስፈልግም። 45 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ አሉ። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ፣ አምስት ሊትር ያህል ውሃ በእጅ የሚሞላባቸው ትንንሾችም አሉ፤ እነዚህ ቧንቧም ግፊትም አይጠይቁም። አንድ ክፍል ተከራይቶ ለሚኖር፣ ነገም ቤት ሊቀይር ለሚችል ሰው ከሁሉ የሚሻለው ይህ ሊሆን ይችላል።

አሁን ስልኩ

ከስልክ ጋር መገናኘቱ እውነተኛ ጥቅም አለው። ጨው ሲያልቅ ይነግራል። ውሃ ካልደረሰው ወይም ከሥሩ ከፈሰሰ ያስጠነቅቃል፤ ብልሽት ሲገጥመው የሚያሳየውን ኮድ በሰው ቋንቋ ያብራራል። ግፊቱ ለሚሻልበት ሰዓት ቀጠሮ መያዝ ይቻላል። ከሩቅ ሆኖ ማስነሣት የሚባለው ግን ሻጩ እንደሚለው አይደለም፤ ዕቃውን የሚደረድር፣ ሳሙናውን የሚጨምርና በሩን የሚዘጋ ሰው ቤት ውስጥ መኖር አለበት፤ ብዙ ማሽኖችም ያ ሰው ከሩቅ ማስነሻውን በቁልፍ ካልፈቀደ አይነሡም።

ሲመርጡ ጥቂት ነገሮችን ያረጋግጡ። አብዛኞቹ ማሽኖች የሚገናኙት በ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ነው፤ የቤትዎ ራውተር ይህን ክፍት ማድረግ አለበት። ከመክፈልዎ በፊት አፑን ስልክዎ ላይ ጭነው አገር ምረጥ ሲልዎ ጅቡቲ ዝርዝሩ ውስጥ መኖሯን ይዩ። በ2023 የወጣው ማተር የተባለው የቤት መሣሪያዎች የጋራ መገናኛ ቋንቋ 1.2ኛ እትም ዕቃ ማጠቢያ ማሽንንም አካቷል፤ ይህን የሚደግፍ ማሽን በአንድ ፋብሪካ አፕ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ አይሆንም። ደኅንነቱንም አይርሱ፦ በ2017 ሆስፒታል ውስጥ በሚሠራ የሚለ ኩባንያ ማጠቢያ ማሽን ላይ በኔትወርክ በኩል ሰርጎ የሚያስገባ ክፍተት ተገኝቶ ነበር። የራውተሩን የይለፍ ቃል ይቀይሩ፣ ማሽኑንም ለእንግዳ በሚሰጠው ዋይፋይ ላይ ያስገቡት።

ዋናው ጥያቄ ግን በማሽኑ የሚሠራው ማን ነው የሚለው ነው። አንዳንድ ሞዴሎች የተወሰኑ ፕሮግራሞችን ፊታቸው ላይ ካለው ቁልፍ አንሥተው ወደ አፑ ወስደዋቸዋል። አፑ ያለው በአባወራው ስልክ ላይ ከሆነ፣ ወጥ ቤት የምትውለው ሴት ማሽኑ አጠገብ ቆማ የሰው ፈቃድ ትጠብቃለች ማለት ነው። ድካሟን ሊያቀል የተገዛ ዕቃ ሌላ ጌታ ሊሆንባት አይገባም። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሳሉ ሻጩን ዋይፋዩን አጥፍቶ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፦ ጠንካራው፣ ቁጠባውና አጭሩ ፕሮግራም ያለ ስልክ ይነሣሉ? ካልተነሡ ሌላ ሞዴል ይመልከቱ።

ወደ ሱቅ ሲሄዱ የውሃዎን የፍተሻ ውጤት፣ የሮቶዎን ከፍታ፣ የትሪዎንና የድስትዎን ልክ በአንድ ወረቀት ጽፈው ይያዙ። ቤት ውስጥ ዕቃ የምታጥበውንም ሴት ይዘው ይሂዱ፤ ቅርጫቱን ስባ፣ ቁልፉን ነክታ ሐሳቧን ትናገር። በየቀኑ የምትሠራበት እሷ ናትና የመጨረሻው ቃል የእሷ ይሁን።