የፕሮኩዲን ጎርስኪ ሦስት ብርሃናት

የሩስያ ዛሮች ዘመነ መንግሥት ሊፈጸም ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ ሕዝቡ ምን ለብሶና በምን ሥራ ተዳድሮ ይኖር እንደ ነበረ ከነቀለሙ ለማየት የሚሻ ሰው፣ የኬሚስትሪ ሊቅ የነበረውን ሰርጌይ ፕሮኩዲን ጎርስኪን ሊያውቀው ይገባል። ዛር ዳግማዊ ኒኮላስ ፎቶግራፍ የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል የተበጀለት የባቡር ፉርጎና የይለፍ ደብዳቤ ሰጥተውት፣ እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1915 ድረስ ከሰሜን ወንዞች እስከ ሳማርካንድ ገበያ እየተዘዋወረ ፎቶግራፍ አነሣ።

ብዙዎች እነዚህ ሥዕሎች ኋላ በብሩሽ የተቀቡ ይመስላቸዋል፤ ይህንንም ቃል በሰማሁ ቁጥር አዝናለሁ። ፕሮኩዲን ጎርስኪ በአንድ ረጅም የፎቶግራፍ መስታወት ላይ ያንኑ ነገር በሰማያዊ፣ በአረንጓዴና በቀይ ማጣሪያ እያሳለፈ ተራ በተራ ሦስት ጊዜ አነሣ እንጂ ቀለም አልቀባም። መስታወቱ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ነገር ግን ሦስቱ ምስሎች እያንዳንዳቸው የየብርሃናቸውን መጠን ጠብቀው ስላኖሩ፣ በየቀለማቸው ብርሃን ተደራርበው ግድግዳ ላይ ሲያርፉ የሜዳው ልምላሜና የቀሚሱ ቅላት እንደ ነበረ ይገለጣል።

ለዚህም የታመነው ምስክር ውሃ ነው። ምስሎቹ በአንድ ቅጽበት ስላልተነሡ፣ ያልተነቃነቀው ዓለት ቀለሙ ምሉዕ ሆኖ ሲታይ፣ ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው ሲደረስ ቦታውን የለወጠው ማዕበል ግን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ጠርዝ አውጥቶ ይገኛል። ጭስም፣ ራሱን ያዞረ ሕፃንም እንደዚሁ ነው። እኔ ከሥዕሎቹ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንኑ ጠርዝ ነው፤ ስለዚህም ሥዕሉን ለማሳመር ሲሉ ጠርዙን የሚፍቁ አሳታሚዎች የእውነቱን ማኅተም እንደሚሰብሩ ሊነገራቸው ይገባል።

በ1909 በኪሪሎቭ ከተማ አጠገብ፣ በሼክስና ወንዝ ዳር የተነሡት፣ የዱር ፍሬ በሳሕን ይዘው ለእንግዳ የሚያቀርቡት ሦስት የገጠር ልጃገረዶች እንደ ሐውልት ደርቀው ቆመዋል ብሎ የሚነቅፍም አለ። ሦስቱ ብርሃናት ተራቸውን እስኪፈጽሙ ድረስ ሳይነቃነቁ መቆየታቸው ግን ለሙያው የተደረገ ትዕግሥት ነው፤ የልብሳቸው ቀለም እንዲህ ጠርቶ የደረሰንም በዚሁ ትዕግሥት ነው።

ፕሮኩዲን ጎርስኪ ከአብዮቱ በኋላ፣ በ1918፣ አገሩን ለቆ ወጥቶ በ1944 በፓሪስ ዐረፈ፤ ከ1,900 በላይ የሚሆኑትን መስታወቶች የዩናይትድ ስቴትስ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1948 ከወራሾቹ ገዛ። ዛሬ በኮምፒዩተር የተዋሐዱትን ሥዕሎች የሚመለከት ሁሉ፣ አስቀድሞ ሦስቱን ጥቁርና ነጭ ምስሎች ጎን ለጎን ያስተያይ፤ በቀዩ ማጣሪያ ነጥቶ የታየው ቀሚስ በሰማያዊው ለምን እንደ ጠቆረ ከመረመረ በኋላ ወደ ባለ ቀለሙ ይለፍ።