የደጋዋ እስስት

አዲስ አበባ፣ ቀራንዮ ሰፈር አንድ ያረጀ የጥድ አጥር አለ። ጥቅምት ላይ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ ቅርንጫፍ ላይ እስስት አየሁ፤ ከሰል መስላ ጎኗን ለፀሐይ ሰጥታለች። ሲሞቃት ጥቁረቷ እየለቀቀ ሄዶ ቅጠሉን መሰለች።

ብዙዎቻችን እስስት የምትለዋወጠው ለመደበቅ ይመስለናል። ጠዋት የምትጠቁረው ግን ሙቀት ለመሳብ ነው። ስትቆጣና ስትፈራም ትለወጣለች፤ ወንዱም ተቀናቃኝ ሲያይ እንዲሁ። በ2015 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ የማዳጋስካር እስስት መርምረው፣ ቆዳው ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ሲቀራረቡና ሲራራቁ የሚመልሱት ብርሃን እንደሚለያይ አሳይተዋል። እኛ «እንደ እስስት» እያልን ሰው እንሰድባለን። እሷ ግን የሚሰማትን በቆዳዋ ትናገራለች እንጂ ማንንም አትከዳም።

የአዲስ አበባዋ እስስት ሳይንሳዊ ስሟ ትሪዮሴሮስ አፊኒስ ይባላል። «አፊኒስ» በላቲን ዘመድ ማለት ነው፤ ስሙን በ1845 እ.ኤ.አ. ያወጣላት ሰሜንና ጎንደርን የዞረው ጀርመናዊ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ቀንድ የላትም፤ ጅራቷ ተጨምሮ አንድ ስንዝር ገደማ ናት። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ አትገኝም። ከ200 በላይ ከሆኑት የዓለም እስስት ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ ያሉት ማዳጋስካር ደሴት ላይ ነው። ለእኔ የእኛም ደጋ ደሴት ነው፤ ዙሪያውን የከበበው ባሕር ሳይሆን ቆላ ነው። ብርዱን የለመደች ፍጥረት ሙቀቱን አቋርጣ ወዴት ትሄዳለች? ባሌ፣ ሐረና ጫካም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ስም የወጣላቸው ሌሎች ሁለት የእስስት ዝርያዎች አሉ።

ቀርባችሁ እዩዋት። ጣቶቿ ሁለትና ሦስት ሆነው ተጣብቀዋል፤ ቅርንጫፉን እንደ ጉጠት ትይዛለች። አንዱ ዓይኗ እኔን ሲያይ ሌላው ዝንብ ይከታተላል። ድንገት ሁለቱም ዓይኖች ወደ ዝንቡ ዞሩ፤ ምላሷ ተወርውራ ተመለሰች፤ ዝንቡ የለም። ምላሷ ከገላዋ ትረዝማለች።

ልጆች ሲያዩዋት ድንጋይ ያነሳሉ፤ ትልልቆቹም ይሸሿታል። መርዝ የላትም፤ የምትበላው ነፍሳት ነው። እባካችሁ፣ ተዉአት።

የዚያ አጥር ግማሹ ዘንድሮ ተቆርጦ ብሎኬት ተገንብቶበታል። እስስቷ ቀሪው ግማሽ ላይ ናት።