ክረምቱ፣ ታዳጊዎቹና የቂብላ ጥላ

ባለፈው ክረምት ቢቸና ላይ በበጎ ፈቃድ ታዳጊዎችን ሒሳብ ሳስጠና ስለ ማዕዘን ሳወራ ልጆቹ ያዛጉ ነበር። ስለዚህ ሞክሬው የማላውቀውን ነገር ይዤ ወደ ግቢ ወጣን፦ ቂብላን በጥላ መለካት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ ሐምሌ 8 እና 9 ከቀኑ 6:27 ላይ ፀሐይ በካዕባ አናት ላይ ትሆናለች። የመካ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነው። በዚያች ደቂቃ ፀሐይ ያለችበት አቅጣጫ ቂብላ ነው፤ ጥላው በተቃራኒው ይወድቃል። ቢቸናም ሞጣም ቂብላው ወደ ሰሜን ሆኖ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። የ1 ሜትር ዘንግ ጥላ ግን 20 ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በየደቂቃውም ከ1 ዲግሪ በላይ ይዞራል። ስለዚህ ዘንጉን በቱምቢ ማቆምና ሰዓትን ማስተካከል ግድ ነው።

ሐምሌ 8 ሰማዩ ደመነና ልጆቹ ፊት አፈርኩ። በማግስቱ ፀሐይ ብልጭ ስትል መስመሩን ራሳቸው አሰመሩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ማዕዘን ጠያቂዎቹ እነሱ ሆኑ።

ዘንድሮ አገር ቤት የምትገቡ ሞክሩት። ልዩነት ካገኛችሁ ግን ሶፍ ከማዞር በፊት ኢማሙን አማክሩ።